ትዕዛዙ የታለ?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ በገጽ ሒሳብ እተይባለሁ። ከዚያ ውጭ በሕግ የተመዘገበ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የከተማ አስተባባሪ ነበርኩ። የፓርቲውን ስም መጥራት አያስፈልግም። የደረሰብኝ ነገር በሌላ ፓርቲ ሰውም፣ ፓርቲ በሌለው ሰውም ላይ ሲደርስ አይቻለሁ።

በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ወራት ለ19 ቀን ታስሬ ነበር። ያኔ በክልሉ «ሕግ ማስከበር» በተባለው ዘመቻ ከ4,000 በላይ ሰው መያዙ ተነግሯል። ከእኔ የባሰ ያየ ሞልቷል፤ ስለ እስሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ለሰው አቤቱታ ሲተይብ የኖረ ሰው በራሱ ላይ ሲደርስ ሀሁ እንደማያውቅ ሆነ። ስሕተቶቼን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ አትድገሟቸው።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት ላይ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንድ ማኪያቶ ይዘው ሱቅ እስክዘጋ ይቆያሉ። ስነሣ ይነሣሉ። መጀመሪያ ራሴን ታዘብኩት፤ «ማን ነኝና ነው እኔን የሚከታተሉት?» አልኩ። ከዚያ አንድ የሠፈሬ ባጃጅ ነጂ ቀስ ብሎ፣ «አያ፣ ስለ አንተ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ማን ጋ ትወስደዋለህ ይሉኛል» አለኝ። ልጁ ሲነግረኝ ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሣም።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ ደብተር መግዛት። ደብተር ደግሞ እኔው ሱቅ ነው የሚሸጠው! ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሞተሩን ታርጋ፣ ቦታውን፣ አብሮኝ የነበረውን ሰው መጻፍ። አልጻፍኩም። በኋላ ጠበቃዬ «መቼ ነው የተከተሉህ?» ሲሉኝ «ሁልጊዜ» ነበር መልሴ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ሁልጊዜ የሚባል ቀን በካላንደር ላይ የለም» አሉኝ።

ስለዚህ የሚከታተላችሁ ሰው እንዳለ ከጠረጠራችሁ ጻፉት። ያያችሁትን ብቻ፤ የመሰላችሁን አትቀላቅሉበት። ደብተሩንም ቤታችሁ አታስቀምጡት፤ ለብርበራ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። የእኔ አሁን የት እንዳለ የምታውቀው እህቴ ብቻ ናት። ደግሞ ፎቶ አንሥታችሁ ፌስቡክ ላይ «ይህ ሰላይ ነው» ብላችሁ አትለጥፉ። ከተሳሳታችሁ የሰው ሕይወት ነው የምታበላሹት። እኔ ፎቶ አልለጠፍኩም፤ ከዚያ የማይሻል ነገር ግን አድርጌያለሁ።

አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ። ቀሃ ወንዝ አብረን ዋኝተን፣ ለጥምቀት ታቦት አጅበን ፋሲለደስ መዋኛ ወርደን ያደግን ነን። አሁን መምህር ነው። ሚያዝያ ላይ አዘዞ አንድ አባላችን ቤት ትንሽ ስብሰባ ነበረን። ስብሰባው የት እንደሆነ ከአባላቱ ውጭ የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው። ስንደርስ ሁለት ነጭ ለባሾች ከበሩ ማዶ ቆመዋል። አንደኛው የጭማቂ ቤቱ ሰውዬ ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። ጠረጠርኩ። ከዚያም አልፌ ፈረድኩ። «ጆሮ ጠቢ ሆኗል» ብዬ ለአምስት ሰው ነገርኩ። ስልኩን ማንሣት ተውኩ። ሱቅ ሲመጣ ሥራ በዛብኝ እያልኩ መለስኩት። እሱም አንድ ቀን መምጣት አቆመ። ይኸው ማረጋገጫ አልኩ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ግንቦት 12፣ ዓርብ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በሬ ተደበደበ።

በሩ ሲመታ የመጀመሪያ ሥራዬ ስልኬን አንሥቼ የቴሌግራም ግሩፑን ማጥፋት ሆነ። ግሩፑ ውስጥ ምን ነበር? የስብሰባ ቀጠሮ፣ የመዋጮ ዝርዝር፣ የሟች አባላችን ሐዘን የምንደርስበት ሰዓት። አንድም የሚያስጠይቅ ነገር የለም። እኔ ግን በድንጋጤ አጠፋሁት። ሲገቡ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። በኋላ ችሎት ላይ መርማሪው «ተጠርጣሪው ማስረጃ ሊያጠፋ ሲሞክር እጅ ከፍንጅ ተይዟል» አለ። ዋስትና የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ማስረጃ ያጠፋል የሚል ሥጋት ነው፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 67 ላይ ተጽፏል። ንጹሑን ወረቀት እኔው በእጄ አጠቆርኩት። ስልካችሁ ላይ እንዲኖር የማትፈልጉት ነገር ካለ በሰላሙ ቀን አጽዱ። በር ከተመታ በኋላ ግን እጃችሁን ከስልኩ ላይ አንሡ።

ከፊት የነበረው ሰውዬ አንድ ወረቀት አወዛወዘ። «የብርበራ ፈቃድ ነው» አለ። ላንብበው አላልኩም። አባቶቻችን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር ይባላል። እኔ ወረቀት ስትወዛወዝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ያን ሌሊት የማላውቀውና አሁን በቃሌ የምይዘው ይህን ነው። ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ የምንሠራበት የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 የብርበራ ትዕዛዝ የሚፈለገውን ዕቃ መጥቀስ አለበት ይላል። ያልተጠቀሰ አይወሰድም። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። የተወሰደው ዕቃ በሁለት ቅጂ ይመዘገባል፤ የሚቻል ሲሆን ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ስለዚህ ወረቀቱን ጠይቁ፤ በትሕትና፣ ድምፅ ሳታሰሙ። ስማችሁ አለ? የቤት ቁጥሩ የእናንተ ነው? የፍርድ ቤት ማኅተም አለው? ቀኑ ስንት ይላል? «አናሳይም» ካሏችሁ አትታገሉ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳለ ያዙ። በር ላይ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። ክርክሩ ችሎት ላይ ነው፤ በር ላይ የምትሰበስቡት ለዚያ የሚሆን ስንቅ ነው።

እኔ የፈረምኩት ዝርዝር እንዲህ ይላል፦ «ሞባይል 1፣ ላፕቶፕ 1፣ ፍላሽ 4፣ የተለያዩ ሰነዶች»። የተለያዩ ሰነዶች! ሦስት የሱቄ ደረሰኝ ጥራዞች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ስማቸው ስላልተጻፈ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ የግብር ወቅት ሲመጣ ያየሁት ፍዳ ሌላ ታሪክ ነው። «የተለያዩ» በሚል ቃል ላይ አትፈርሙ። ስንት ገጽ፣ ምን ዓይነት፣ ምን ቀለም ይባል። እምቢ ካሉ ከፊርማችሁ ጎን «ዝርዝሩ አልተገለጸልኝም» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። የቀበሌው ታዛቢ የጎረቤታችን አባት ነበሩ፤ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይናቸው እኔን አዩኝ፤ እኔ ስፈርም እሳቸውም ፈረሙ።

ጣቢያ ደርሰን ዱላም ስድብም አልጠበቀኝም። የጠበቀኝ ሻይ ነው። መርማሪው በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። «ወንድሜ፣ ምንም እንደሌለብህ እኛም እናውቃለን። ስልክህን ክፈትልንና አይተን እንልቀቅህ» አለኝ። ፓተርኑን ሳልኩለት። ከዚያ በኋላ ያነበበውን ሁሉ ያነበበው በእኔ ፈቃድ ሆነ። ጠበቃዬ ሲሰሙ «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 2 የመናገር ግዴታ የለብህም። ፓስዎርድም ንግግር ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ እከራከራለሁ» አሉኝ። ስልካችሁን በጣት አሻራ ወይም በፊት የሚከፈት ካደረጋችሁት ግን የክርክሩ ዕድል የለም፤ ጣታችሁን ይዞ ማስነካት ቀላል ነው። ረዘም ያለ ቁጥር ይሻላል። ለመርማሪው የሚሰጠው መልስም ረጅም መሆን የለበትም፤ «ጠበቃዬ ባለበት እናገራለሁ»፣ አለቀ። አትዋሹ። ከዝምታ የሚመጣ ጣጣ ከውሸት ከሚመጣው ይቀላል።

አሁን ወደ እህቴ። ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። በሕይወቷ ፍርድ ቤት የገባችው የውርስ ጉዳይ ላይ አንድ ቀን ነው። ያዳነችኝ ግን እሷ ናት።

ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የሚቀነሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ዓርብ ነው የተያዝኩት። ቅዳሜ እታለም ስትጠይቅ «ቅዳሜና እሁድ ችሎት የለም» ተባለች። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም የሚል ቃል ግን አንቀጽ 19 ላይ የለም። ዓርብ ሌሊት ሰው የሚያዘው በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የሕግ ተማሪ የሆነ የዘመድ ልጅ አገኘች። ልጁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ነገራት፤ ስለ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታም አስረዳት። ፖሊስ በጊዜው ካላቀረበ ታሳሪው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት አለው። ታሳሪው ራሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሆኖ ማመልከት ይችላል። ሥርዓቱ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ ነው፣ ከቁጥር 177 እስከ 179። ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማን ምስክር እንደሚሆን በቃለ መሐላ ተደግፎ ይጻፋል። አንድ ገጽ ተኩል አይሞላም።

ሰኞ ጧት ያንን አንድ ገጽ ተኩል የሚተይብላት ሰው አጣች። የእኔ ላፕቶፕ ተወስዷል። ሌሎቹ የጽሕፈት ቤቶች፣ ሁሉም የሙያ ጓደኞቼ ናቸው፣ ስሜን ሲሰሙ «መብራት የለም» አሏት። መብራቱ ግን በርቶ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ምናልባት እኔም መብራት የለም እል ነበር። እህቴ የልጇን ደብተር ገንጥላ በእጇ ጻፈችው። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ «በእጅ ነው?» ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቀና ብላ የእህቴን ፊት አየች፤ ተቀበለቻት። ፖሊስ ማክሰኞ ጧት ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብ መጥሪያ ወጣ። ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ ተጠርቼ መኪና ላይ ወጣሁ። መጥሪያው ባይደርስ ስንት ቀን እቆይ እንደነበር እግዜር ይወቅ። አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ማንም ያላመለከተላቸው ሁለት ልጆች በዘጠነኛው ቀን ነው ዳኛ ያዩት።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ይህን አድርጉ። ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው፣ ደፋሩን ሳይሆን ደጅ መጥናት የማይሰለቸውን፣ ምረጡ። የዚያን አቤቱታ ባዶ ቅጂ ስጡት። የጠበቃ ስልክ ቁጥር በወረቀት ስጡት፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር ከስልካችሁ ጋር ነው የሚሄደው።

የመጀመሪያው ችሎት አጭር ነበር። ፖሊስ 14 ቀን ጠየቀ፤ በአንድ ጊዜ ሊፈቀድ የሚችለው ትልቁ ቀጠሮ ነው። ዳኛዋ 8 ፈቀዱ። የብርበራውን ሰዓትና የዕቃውን ዝርዝር ልናገር ስል ግን ምላሴ ተሳሰረ። «ክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ ዝም። ያልተናገራችሁት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ለችሎት የምትሉትን ሦስት ነገር በልባችሁ ያዙና «መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ» በሉ። ቀልድ የሚመስል ዐረፍተ ነገር ነው፤ ግን ይሠራል።

ሁለተኛው ችሎት ግንቦት 24 ነበር። ጠበቃዬ ጋሼ ያን ቀን አብረውኝ ቆሙ። መርማሪው ከክላሰሩ ውስጥ ስድስት ገጽ ወረቀት አወጣ። የስልኬ የጥሪ ዝርዝር ነው። ከመጋቢት 1 ጀምሮ ለማን እንደደወልኩ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ። አንዳንዱ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። «ተጠርጣሪው ከሕገወጥ ግብረ አበሮቹ ጋር ያደረገው ግንኙነት» አለ።

እኔ ወረቀቱን ሳይ ጉልበቴ ራደ። ጋሼ ግን ደስ አላቸው! በኋላ እንደነገሩኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ክትትሉ ጥላ ነበር፤ ጥላ ደግሞ አይከሰስም። ወረቀት ሲሆን ግን ልደት አለው፤ ማን ወለደህ ተብሎ ይጠየቃል። ተነሡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ይህ ዝርዝር የወጣበት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይቅረብልን።»

መርማሪው የምርመራ ምስጢር ነው አለ። ጋሼ ቀጠሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም፣ ቁጥር 958/2008፣ አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያስቀምጥ ብሎ ካዘዘ በኋላ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር በምስጢር ይያዝ ይላል። «ትዕዛዝ ካለ ይታይ፤ ከሌለ ይህ ወረቀት እንዴት ፖሊስ እጅ ገባ?» አሉ። ዳኛዋ ወደ መርማሪው ዞሩ። «ምስጢር ከሆነ ለእኔ ማሳየት ትችላለህ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘህ ቅረብ» አሉ። 5 ቀን ሰጡ።

እኔ ግን ያን ሰዓት ሕጉን አልነበረም የማስበው። ዓይኔ አንድ ቀይ መስመር ላይ ተተክሏል። ከአዘዞው ስብሰባ በፊት ባለው ማታ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ከሩብ፣ አምስት የኮሚቴ አባላት ጋ ተራ በተራ ደውያለሁ። ስድስተኛው ጥሪ ለአዘዞው ባለቤት ነው። ስድስቱም በቀይ ተሰምረው በትልቅ ቅንፍ ታስረዋል። ስብሰባው የት እንደሆነ ለመገመት ጆሮ ጠቢ አያስፈልግም ነበር። ሳልፈልግ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ ደዋዩ እኔ፣ ቁጥሩ የእኔ። ምን እንዳወራን ወረቀቱ አያውቅም። ለማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ የሚለው ብቻ በቂ ሆነ።

ይህ ብቻውን ጓደኛዬን ነጻ ያወጣዋል ወይ? ጠንካራ ዐቃቤ ሕግ ላይስማማ ይችላል። እኔ ግን ማስረጃ ሳልጠይቅ ነበር የፈረድኩበት።

ግንቦት 29 መርማሪው ያለ ትዕዛዙ መጣ። «በሂደት ላይ ነው» አለ። ዳኛዋ በ10,000 ብር ዋስ እንድለቀቅ ወሰኑ። ገንዘቡ ተከፍሎም ሌላ መዝገብ አለበት ተብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ጋሼ ሁለተኛ አቤቱታ ማዘጋጀታቸው ሲሰማ ያ ሌላ መዝገብ ጠፋ። ሰኔ 1 ወጣሁ።

አሁን ሐቁን ልንገራችሁ፤ ድል አድርጌ አልወጣሁም። ፍርድ ቤቱ «ክትትሉ ሕገወጥ ነበር» የሚል ቃል አልጻፈም። ዋስትና ነው የሰጠኝ። እኔ ካሳ ልጠይቅ፣ የሱቄ ገቢ ይቆጠርልኝ ብዬ ፎክሬ ነበር። ጋሼ ቢሯቸው አስቀምጠው ቡና አስፈሉና አቀዘቀዙኝ። በ2006 ዓ.ም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከስሶ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተገኝቷል። እጁ ላይ ከእኔ ስድስት ገጽ የሚበልጥ የቴክኒክ ማስረጃ ነበረው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2009 መጋቢት ጥያቄውን ዘጋው፤ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ የተፈጸመ ስላልሆነ ሌላ አገር መንግሥትን አሜሪካ ፍርድ ቤት መክሰስ አይቻልም በሚል። ተሰልሏል ወይ የሚለው ጥያቄ ጋ ጉዳዩ አልደረሰም። «በር ላይ ነው የቀረው» አሉ ጋሼ።

እኛ አገርስ? ያለ ትዕዛዝ የተገኘ ማስረጃ ሁሉ ውድቅ ነው የሚል ግልጽ አጠቃላይ ድንጋጌ የለንም። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም፤ ይህ አንቀጽ 19 ንዑስ 5 ላይ በግልጽ አለ። የብርበራና የስልክ ዝርዝር ግን በየችሎቱ የሚሟገቱበት ነው። ተከታትለንህ ነበር ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍልህም የለም። ስለዚህ የጋሼ ዘዴ ቀላል ነው። ጥላውን አታሳድ፤ ወረቀት ሆኖ እስኪመጣ ጠብቅ፣ ሲመጣ ትዕዛዙን ጠይቅ። እኔ ላይ ሠርቷል። በሽብር ጉዳይ፣ በአዋጅ 1176/2012 ለተከሰሰ ሰው መንገዱ ከዚህ ይከብዳል፤ የተለየ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ደግሞ ይህ ሁሉ የሆነው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባልነበረበት ወቅት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በታወጀውና በኋላ በተራዘመው አዋጅ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝና መበርበር ተፈቅዶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የ48 ሰዓቷን መዝሙር መዘመር ጉሮሮ ማድረቅ ነው። መጻፉን ግን አትተዉ፤ አዋጅ ያልፋል፣ ደብተር ይቆያል።

ከወጣሁ በኋላ ያደረግሁትን በአጭሩ ላንሣ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ቃሌን ተቀብለው መዘገቡ። ስለ ዕቃዎቹ በየወሩ አመለከትኩ፤ እያንዳንዱን ማመልከቻ በሁለት ቅጂ፣ አንዱን «ደርሶናል» አስብዬ። ታኅሣሥ 2015 ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ ስልኩና ላፕቶፑ ተመለሱ። ሰባት ወር ሰው እጅ የቆየ ስልክ ደግሞ የእናንተ ስልክ አይደለም። እኔ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁትና ሸጥኩት። የኢሜይልና የቴሌግራም ፓስዎርዴን በሌላ ስልክ ቀየርኩ፤ ቴሌግራም ላይ ክፍት የነበሩ ሌሎች መሣሪያዎችን ዘጋሁ። አንዱ እኔ የማላውቀው ነበር።

የቀረው ጓደኛዬ ነው።

ስታሰር አልጠየቀኝም ብዬ ነበር፤ ጣቢያ ውስጥ ሆኜም ይህንን እንደ ማስረጃ ቆጥሬበታለሁ። ከወጣሁ በሳምንቱ እታለም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረችኝ። በያዙኝ ዓርብ ዕለት ቀትር ላይ ምሳ ዕቃ ይዞ ጣቢያው በር ላይ መጥቶ ነበር። «ወንድሜ ስለ አንተ የነገረኝ አለ፤ አይፈልግህም» ብላ መለሰችው። እኔ ነበርኩ የነገርኳት።

የንስሐ አባታችንን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። አባ ጸሎት አድርገው ሲያበቁ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ለእነማን እንደነገርኩ በስም ጭምር። አምስቱም ጋ ዞሬ ቃሌን እንደመለስኩ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ቆይቶ «ያን ቀን ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

«ጥብስ ነው። ዓርብ ነበር፤ ግን በዓለ ኀምሳ ነው ብዬ ጥብስ አሠራሁልህ። መልሼ ብቻዬን በላሁት።»

አባ «ይቅር ተባባሉ» አሉ፤ ተነሥተን ተሳሳምን። አሁን የፈተና ወረቀት ሊያባዛ ሱቅ ይመጣል። ድሮ ከእሱ ገንዘብ አልቀበልም ነበር። አሁንም አልቀበልም እላለሁ። እሱ ግን ገጹን ይቆጥርና ብሩን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ይወጣል።